በየሰባቱ የሚፈዝዝ መስመር

ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ክራኮቭ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ። መርማሪ ሉድሚላ ያኔ የሰማችውን ወሬ ግማሹን ረስታዋለች። አንድ ሽማግሌ እያለከለኩ መጡና «አባ፣ እንዳልዘገይ ብዬ ዛሬም ከሰዓቱ በፊት አወጣሁት» አሉ። ቄሱ ሣቁ። ሉድሚላ ያወጡት ነገር ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት መስሏት ነበር።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ከኅትመት ጥበብ ወርክሾፕ አንድ የመዳብ ሰሌዳ ጠፍቷል።

«የሰባት ወር ሥራዬ ነው» አለች ዶክተር ኢዳልያ። የከዋክብት ተመራማሪ ናት። ፕላኔት በኮከብ ፊት ሲያልፍ ብርሃኑ በትንሹ ይደክማል። የእሷ ኮከብ መረጃ ግን ጫጫታ የበዛበት ነው፤ ኮምፒውተሩ ፕላኔት አለ ብሎም የለም ብሎም አልቆረጠም። እሷም በዓይን ልፈልገው አለች።

አታሚው ጋሽ ሴቬሪን የየቀኑን ብርሃን በመዳቡ ላይ አንድ መስመር ያደርጉታል። ብርሃኑ ከደመቀ መዳቡ አሲድ ውስጥ ይቆይና መስመሩ ጠልቆ ደማቅ ይታተማል፤ ከደከመ ቶሎ ይወጣና መስመሩ ይፈዝዛል። ሲታተም በየሰባቱ አንድ ፈዛዛ መስመር ታየ።

ፕላኔት! ሐሙስ ለዓለም ልታውጅ ነበር።

ሉድሚላ በሩን አየች። ቁልፉ አልተነካም። እግሯን አሟታል።

«ክሳቬሪ ነው» አለች ኢዳልያ። «በማተሚያው ስንጣላ ነው የከረምነው።»

ጎረቤቱ ሠዓሊ ክሳቬሪ ሣቀ። «እትዬ መርማሪ፣ እኔ ሌባ ብሆን ቡና ማፍያቸውን ነበር የምሰርቀው። እዚህ ቤት የሚሠራው እሱ ብቻ ነው!»

ወደ ግዳንስክ ከተማ የሄደበትን የባቡር ትኬት አሳያት። ሦስት ቀን አልነበረም። ቁርጥራጭ ብረት ገዢዎቹም መዳብ አልመጣልንም አሉ።

ሉድሚላ ደክሟት ተቀመጠች። ግድግዳው ላይ የመጨረሻው ኅትመት ተሰቅሏል። መነጽሯን አጠለቀች።

«የመጀመሪያው መስመር የምን ቀን ነው?»

«የሰኞ።»

በጣቷ ቆጠረች። ሰባተኛው ፈዛዛ። አሥራ አራተኛው ፈዛዛ። ሃያ አንደኛው።

«ሁሉም እሁድ ነው። ኮከብሽ ቅዳሴ ይሄዳል እንዴ?»

ኢዳልያ ፊቷ ተለወጠ። «ኮከቡ የእኛን ሳምንት የት ያውቃል! እንዴት አላሰብኩትም?»

ጥግ ላይ ቀለም የሚያሹት የጋሽ ሴቬሪን እጅ ቆመ። ሉድሚላ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሽማግሌ መሆናቸውን ያኔ ነው ያወቀችው።

«ጋሽ ሴቬሪን፣ እሁድ እሁድ ከሰዓቱ በፊት የሚያወጡት መዳቡን ነበር?»

ጋሽ ሴቬሪን ተነሡ። ከዚያ ማተሚያው ላይ የተነጠፈውን ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ገለጡ። መዳቡ እዚያው፣ ሁሉም ክንዱን ከሚያሳርፍበት ጨርቅ ሥር ነበር።

«አሥር ደቂቃ ነው የማጎድለው። ቅዳሴው እንዳያመልጠኝ። ቅዳሜ ዕለት መስመሮቹን ስቆጥር ገባኝ።»

«ለምን አልነገሩኝም?» አለች ኢዳልያ።

«በምን አፌ፣ ልጄ? ደስታሽን እያየሁ? ሰሌዳው ከጠፋ ተሰረቀባት ይላሉ። ካለ ግን ተሳሳተች ይላሉ።»

ሉድሚላ ማስታወሻ ደብተሯን ከደነች። ኢዳልያ መዳቡን በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ሐሙስ ይህንኑ አሳያለሁ። ፕላኔት የለም እላለሁ። እርስዎ ደግሞ ለምን እንደፈዘዘ ይነግሯቸዋል። ከዚያ ሌላ መዳብ እንጀምራለን።»

«ሰው ፊት ልቁም?»

«አጠገቤ።»

ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «እቆማለሁ። ግን እሁድን አልሰጥሽም። እሁድ አሲዱን አንቺ ነሽ የምትጠብቂው።»

«እሺ» አለች ኢዳልያ። «ሙሉ ሰዓቱን እጠብቃለሁ።»