በግራ ደረት የተሰካው ኒሻን

ሊንሴይ ታሎክ ከዘማቾች ክበብ የጓሮ ደረጃ ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። አንገቱ ተሰብሯል። ኢንስፔክተር ክሪዲ ጉልበቱን እያመመው አጠገቡ በርከክ አለ። ጎህ ሲቀድ ከተደረገው የጦር ሙታን መታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ወዲህ አላረፈም፤ የታዝማኒያ ዝናብም ኮቱን አልፎ ትከሻው ደርሷል።

ሟቹ የለበሰው ኮት ላይ የአባቱ ኒሻን አለ። አባቱ ሻምበል ሂዩ ታሎክ በታዝማኒያ ቅኝ ግዛት ጦር ደቡብ አፍሪካ ዘምቶ የወደቀ፣ ክበቡም በስሙ የተጠራለት መኮንን ነው። ኒሻኑ ግራ ደረት ላይ ተሰክቷል። በቀኝ በኩል የመርፌ ቀዳዳ ብቻ ይታያል፤ ጨርቁ አልተቀደደም።

ክሪዲ መጀመሪያ ወጥ ቤት ገባ።

«ሲወድቅ ሰማሽ?» አላት ወጥ ሠሪዋን ደልሲን።

«በዚያ ጫጫታ? ሽማግሌዎቹ ከሻዩ ቀድመው የሮም አረቄውን እንዳይጨርሱት አዳራሹ ውስጥ ካለው ማንቆርቆሪያ ንቅንቅ አላልኩም። አዳራሽ ሙሉ ሰው ምስክሬ ነው። ወደ ጓሮ የወጡት ሟቹ፣ እትዬ ኢኒድና ጋሽ ዋሊ ብቻ ናቸው።»

የሟቹ ታላቅ እህት ኢኒድ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች።

«ዛሬ ኒሻኑን ማን ሰካለት?»

«እኔ ነኛ! እናታችን ከሞተች ወዲህ በየዓመቱ እኔ ነኝ። እሱ ጣቱ ይንቀጠቀጣል።»

«በየት በኩል?»

ቀና ብላ አየችው። «ምን ማለትዎ ነው? በቀኝ ነዋ! የአባቱ አይደል?»

የክበቡ ሊቀ መንበር ዋሊ ፓስኮ ግራ ደረቱ በራሱ ኒሻኖች ተሞልቷል። «ደረጃው አንሸራትቶት ነው» አለ። «ተወው ክሪዲ፤ ደክሞሃል።»

«መድከሙንስ ደክሞኛል።»

ክሪዲ ሦስቱንም በጠባቧ ቢሮ ሰበሰባቸው። ከበሩ ማዶ፣ አዳራሹ ውስጥ፣ ፖሊስ እንዳይወጡ የከለከላቸው ሰዎች ይጠብቃሉ።

«የራሱን ኒሻን ያገኘ በግራ ይሰካል፤ የአባቱን የያዘ በቀኝ። ሊንሴይ በግራ ከሰካው ጀግናው እኔ ነኝ ማለቱ ነው፤ አንገቱን ቢቀሉት አያደርገውም። ጠዋት ሁላችንም በቀኙ አይተነዋል። ጨርቁ ስላልተቀደደ ያወለቀው ራሱ ነው። መልሶ የሰካው ግን ሌላ ሰው ነው።»

«እዚህ አገር ሕፃን የሚያውቀውን ማን ይሳሳታል?» አለ ዋሊ።

«የደነገጠ እጅ። የደነገጠ እጅ የለመደውን ይሠራል። ደልሲ ከማንቆርቆሪያው አልተለየችም። የእትዬ ኢኒድ እጅ የለመደው ቀኙን ነው። በየዓመቱ የራስህንም፣ ጣታቸው እምቢ ያላቸው የጓዶችህንም ኒሻን በግራ የምትሰካው አንተ ነህ ዋሊ።»

ዋሊ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«አውልቆ ሊጥለው ነበር» አለ። «ሊንሴይ ‹አባቴ ይህን ያገኘው ሴቶችና ልጆች ብቻ የነበሩበትን ቤት አቃጥሎ ነው፤ አብሮት የዘመተ ወታደር ሊሞት ሲል ነገረኝ፤ ምሳ ላይ ለሁሉም እናገራለሁ› አለኝ። በዚህ ቀን! በጦርነት የወደቀው የወንድሜ ስም እኮ መታሰቢያ ሐውልቱ ላይ ከሻምበሉ ስም ሥር ነው የተቀረጸው። ከዚያ በኋላ ማን አበባ ያመጣለታል? ከእጁ ልቀማው ስታገል ገፋሁት። ወድቆ ሳየው... ባዶ ደረቱን ልተወው አልቻልኩም።»

ኢኒድ ቀሚሷን አስተካክላ ተነሣች።

«ዛሬ ባይነግሯቸውም ግድ የለም፣ እትዬ ኢኒድ» አላት ክሪዲ። «ቤትዎ ላድርስዎት።»

«ነገማ ድፍረቱ አይኖረኝም።»

በሩን ከፈተች። አዳራሹ ሐዘንተኛዋን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ተቀመጡ» አለች። «አባቴ ኒሻኑን እንዴት እንዳገኘ ሊንሴይ ሊነግራችሁ ነበር።»