የአባባ ሻንቆ ሳምራዊ

«ጥምጣም ጠምጥሚለት፤ ረጅም ነጭ ቀሚስ አልብሺው፤ አለቀ!» አለ ሙሴ።

ዘሪቱ ብሩሿን እንደያዘች የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የተወጠረውን አቡጀዲ ቀና ብላ አየች። በሥዕሉ ላይ አንድ ሰው ተደብድቦ መንገድ ዳር ወድቋል። ሌላው ተንበርክኮ ቁስሉን ያስርለታል። የሚያስረው ሰው ጸጉሩ በቀይ ጭቃ ተለስኖ ላባ ተሰክቶበታል፤ ክንዱ ላይ አምባር ደርድሯል፤ አጠገቡ ትንሿ በርጩማው ተቀምጣለች። ይህን ሰው አይቶ የጎረቤቱ ሕዝብ፣ የፀማይ ሰው መሆኑን የሚስት ሕፃን ጂንካ ውስጥ አይገኝም።

«ደጉ ሳምራዊ እኮ ነው መሆን ያለበት» አለ ሙሴ። የመዘምራኑ መሪ ነው፤ ሲቸኩል ድምፁ ይቀጥናል። «አባባ ሻንቆ እንዲህ የሣሉት፣ ሳምራዊ ሲባል ፀማይ የተባለ መስሏቸው ነው። እሑድ ከአርባ ምንጭና ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ። እንዲስቁብን ነው የምትፈልጊው?»

«ለእሳቸው ሳንነግራቸው?»

«ነግረን ምን እንላቸዋለን? ዓይናቸው እንደሆነ ሞራ ጋርዶታል፤ አያዩትም። አሳምረሽ ከሠራሽው የፊት ለፊቱን ግድግዳ አንቺ ትሥዪዋለሽ።»

ጓደኛዋ ሣራ ከኋላ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «ፋራ አትሁኚ! ግድግዳ በሙሉ እኮ ነው!»

ዘሪቱ ያን ግድግዳ ከልቧ ትፈልገዋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የሣለችው በደብተር ጀርባና በከሰል ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ለዓመታት ታሽጎ ኖሮ፣ በዚህ በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ሊከፈት ነው፤ የፊት ለፊቱ ግድግዳ ደግሞ አዲስ ኖራ ተቀብቶ እሷን የሚጠብቅ ይመስላል። እምቢ ማለትም እሺ ማለትም አቃታት። «ነጭ ቀለም የለኝም፤ ከአባባ ሻንቆ ላምጣ» ብላ ወጣች።

አባባ ሻንቆን ሠዓሊ ብሎ የጠራቸው የለም። ዕድሜ ልካቸውን እንሰት ሲተክሉ ኖረዋል። በጎን ደግሞ ከከተማው መሀል ካለው የሣር ሜዳ፣ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ከብት ያባርሩ ነበር። ፊደል አልቆጠሩም፤ በጆሯቸው የሰሙትን ግን፣ ዓይናቸው እስኪጋረድ ድረስ፣ በእጃቸው ይሥሉ ነበር። ቀዩን ከአፈር፣ ጥቁሩን ከከሰል፣ ነጩን ከኖራ ያወጡና በእንቁላል አስኳል ይለውሱታል። ኤልያስ ወደ ሰማይ የወጣበት ሠረገላቸው እንደ አውሮፕላን ሁለት ክንፍና የሚሽከረከር ውልብልቢት አለው፤ ከታች ላሞች ይሸሻሉ። እሑድ እሑድ ከሁሉ ቀድመው ደርሰው አግዳሚ ወንበሩን የሚወለውሉት እሳቸው ነበሩ። ዜማ እንኳ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጌታ አልሰጣቸውም፤ ቢሆንም ከሁሉ አብልጠው የሚዘምሩት እሳቸው ናቸው።

ቤተ ክርስቲያኑ ሲታሸግ የሰፈሩን ልጆች እንሰቱ መሀል ሰብስበው፣ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እየሰቀሉ የተረኩላቸው እኚሁ ሰውዬ ናቸው። አንድ ቀን አንድ ካድሬ ድንገት ደረሰባቸው። በግ ተሸክሞ የሚመጣውን እረኛ አይቶ «ምንድን ነው ይሄ? የከብት እርባታ ትምህርት ነው?» ቢላቸው፣ «በጉ ጠፍቶ ነበር፤ ተገኘ» አሉት። ካድሬው «በርቱ!» ብሎ ሄደ። ልጆቹ ሳቃቸውን አፍነው ሊሞቱ ደርሰው ነበር። ዘሪቱም ከእነዚያ ልጆች አንዷ ናት። ሰባተኛ ክፍል ደርሳ ታሪኩን ራሷ እስክታነብ ድረስ፣ የቆሰለውን ሰው ያዳነው ፀማይ መሆኑን አንድም ቀን ተጠራጥራ አታውቅም። ስታውቅም ለማንም አልተናገረችም።

እግሯን እየጎተተች ደረሰች። አባባ ሻንቆ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ስበው ተቀምጠው ለቀለም የሚሆን አፈር ይወቅጣሉ።

«ማነው? ዘሪቱ ነህ?»

አፋቸውን የፈቱት በአሪኛ ስለሆነ፣ በአማርኛ ወንድና ሴት ይደባለቅባቸዋል። የዘሪቱ አሪኛ ደግሞ ከገበያ አያልፍም። ስለዚህ እሳቸው ቤት «አንተ» ናት፤ ለምዳዋለች፤ እንዲያውም ትወደዋለች።

«እኔ ነኝ አባባ። ነጭ ቀለም ፈልጌ ነው።»

በዳበሳ ጣሳ ሙሉ ነጭ ቀለም አነሡ። «ለየትኛው ነው?»

«ለሳምራዊው» አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ምላሷን ነከሰች።

የአባባ ሻንቆ እጅ ጣሳውን እንደያዘ ቆመ። «የትኛው ሳምራዊ? ፀማዩ? እሱ ላይ ነጭ የለም። ከጥርሱ በቀር ነጭ የለበትም።»

ዓይናቸው ባያይም ሥዕላቸውን በቃላቸው ያውቁታል። ዘሪቱ ፊቷ ጋለ። መዋሸት ትችል ነበር፤ ግን በዚህ ደጃፍ ላይ ዋሽታ አታውቅም።

«አባባ… ቃሉ ፀማይ አይልም። ሳምራዊ ነው የሚለው። ሩቅ አገር የነበረ ሌላ ሕዝብ ነው። ጥምጣምና ቀሚስ አድርጊለት ተብዬ ነው።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዘሪቱ ያለቀሱ መስሏት ደነገጠች፤ እሳቸው ግን እየሳቁ ነበር። እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ይኼን ሁሉ ዓመት! ለካ ጆሮዬ ነው የሣለው!»

ሳቁ ሲያልቅ ዓይናቸውን በእጃቸው ጠረጉ።

«ያኔ ከፀማዮች ጋር በከብት ተጣልተን ነበር። የወንድሜ ላም ጠፍቷል። ሰባኪው ከሰሜን የመጣ ነው፤ አማርኛው ይሮጣል። ደጉ ፀማይ ሲል ሰማሁ። ተናደድኩ። ተነሥቼ ወጣሁ። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጌታ ፀማዩን ደግ ካለ፣ እኔ ማነኝ? አልኩ። ማክሰኞ አልዱባ ገበያ ወረድኩ። ከአንድ ፀማይ ጎን መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ዝም፣ እኔ ዝም። ቆይቶ ምን አደረገ? በርጩማውን ከሥሩ አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ። እሱ መሬት ተቀመጠ።»

«ሥዕሉ ላይ ያለችው በርጩማ?»

«እሷ ናት። ፊቱም የእሱ ፊት ነው። ባልንጀራዬ ሆነ። ሲሞት ልጆቹ ልከው ጠሩኝ፤ ሄጄ ቀበርኩት።» ጣሳውን ዘረጉላት። «እንግዲህ ተሳስቻለሁ። ቃሉ ቃል ነው። ነጩን ውሰድ። ብሩሹ አንተ ጋ ነው፤ ዓይንም አንተ ጋ ነው። አንተ ታያለህ።»

ዘሪቱ ጣሳውን ተቀበለች። መንገዱን በሙሉ ከበዳት።

ሙሴና ሣራ በሩ ላይ ይጠብቋት ነበር። አልፋቸው ገባችና ጣሳውን አግዳሚ ወንበሩ ሥር አስቀመጠች። ከዚያ ብሩሿን ቀዩ ቀለም ውስጥ ነክራ፣ የፀማዩ ጸጉር የደበዘዘበትን ማደስ ጀመረች። ፊቱን ስታየው ከበፊቱ የበለጠ የምታውቀው መሰላት።

«ዘሪቱ! ምን እየሠራሽ ነው?»

«ነገርኳቸው፣ ጋሼ።»

«ምን አሉ?»

«አንተ ታያለህ አሉኝ።»

ሣራ ፈገግ አለች። ሙሴ ግን አልሳቀም። «እንግዲያ ግድግዳውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

 አዲሱን ኖራ ላለማየት ፊቷን ወደ አቡጀዲው አዞረች። «እሺ» አለች።

ከእያንዳንዱ ሥዕል ግርጌ ርእሱን የምትጽፈው እሷ ነበረች፤ የቀረው ይኼ ብቻ ነው። ብሩሿን አጥባ ጥቁሩ ቀለም ውስጥ ነከረችና ተንበረከከች። ሙሴ ሳምራዊ ትል ይሆን ፀማይ ብሎ ከትከሻዋ በላይ አጎንብሶ ያያል። ዘሪቱ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ፊደሎቹን ሰፋ ሰፋ አድርጋ ጻፈች፦

«ባልንጀራ»

ሙሴ ሁለት ጊዜ አነበበው። ጌታ ይህን ምሳሌ የተናገረው «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ተብሎ ተጠይቆ መሆኑን ለመዘምራኑ ያስተማረው እሱ ራሱ ነው። ጥምጣሙን ዳግመኛ አላነሣም። ግድግዳውን ግን አልመለሰላትም።

ዘሪቱ ብሩሿን ጠርጋ ነጩን ጣሳ ከወንበሩ ሥር አወጣች። እንሰቱን አቋርጣ አባባ ሻንቆ እጅ ላይ አስቀመጠችው። ሽማግሌው ጣሳውን ከፍ ዝቅ አድርገው መዘኑት። ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ፤ ቀለሙ እስከ አፉ ሞልቷል።

 ከሥራቸው በርጩማቸውን አወጡና ለእሷ ገፋ አድርገውላት መሬት ላይ ተቀመጡ።