ከስድስት ትምህርት ቤት የተሰፋ ቀሚስ

«ሁለቱም የቀኝ ነው» አለች አክስቷ ከድጄ።

ሰልሚያ ሁለቱን እጅጌዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ አየቻቸው። እውነትም ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ጎብጠዋል። ጨርቁን አጥፋ በአንድ ጊዜ መቁረጥ ሲገባት፣ አንዱን ቆርጣ በእሱ ልክ ሌላውን ደገመችው። ልብስ ስፌት የሚማር ሁሉ አንድ ቀን የሚሠራት ስህተት ናት። ክፋቱ፣ ከዚያ ቡናማ ጨርቅ የተረፈ ብጣሽ የለም።

«እንግዲህ ሁለት ቀኝ እጅ ያለው ሰው ፈልጊ» አለች ከድጄ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

መስተዋቱ አጠገብ የቆመችው ሃፊዛ ሳቀች። ሃፊዛ የሰልሚያ የልብ ጓደኛ ናት፤ ቀሚሱን ቅዳሜ በወላጆች ቀን የምትለብሰውም እሷ ናት። ረጅም ናት፤ ስትራመድ ሰው ዞሮ ያያታል። ሰልሚያ ግን ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ እንኳ «አለሁ» የምትለው ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ነው።

ሰልሚያ አልሳቀችም። አንዱን እጅጌ አንስታ ገለበጠችው። ቀኙ ግራ ሆነ። የጨርቁ ውስጥ ግን ወደ ውጭ ወጣ፤ ከፊቱ ፈዘዝ ያለ፣ አቧራ የነካው የሚመስል ቡናማ። ሁለቱን መልሳ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

«እንዲህ ይሁን» አለች።

«የጨርቁ ጀርባ እየታየ?»

«እንዲታይ ነው የምፈልገው።»

ከድጄ አሁን ቀና አለች። የእህቷን ልጅ ለአፍታ አየቻትና «ያንቺ ነገር!» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ነገሩ የተጀመረው የሥዕል መምህሩ ሰይፉ ክፍል ውስጥ ባሳየው ሥዕል ነው። ሥዕሉ የአንዲት ሴት ነበር። አፍንጫዋ ወደ ጎን ያያል፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ግን ፊት ለፊት ተተክለዋል። ትከሻዋ እንደ ተሰበረ ሸክላ ተቆራርጦ እንደገና ተገጣጥሟል። የክፍሉ ቀልደኛ ዑመይር እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ሴትዮዋን ባጃጅ ገጭቷት ነው?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

መምህር ሰይፉም ሳቀ። «ኪዩቢዝም ይባላል» አለ። «ሰዓሊው ሴትዮዋን ዞሮ ዞሮ አያት፤ ከዚያ ያየውን ሁሉ አንድ ላይ አስቀመጠው። ከፊትም፣ ከጎንም።» ስምንተኛ ክፍሎች ለወላጆች ቀን የልብስ ትርኢት ስላለባቸው፣ ከእነዚህ ሥዕሎች ተነስቶ ልብስ መሥራት የሚፈልግ ካለ እጁን እንዲያወጣ ጠየቀ። ሰልሚያ እጇን ስታወጣ ከሁሉ በላይ የደነገጠችው ራሷ ነበረች።

ጨርቅ የሚገዛላት አልነበረም። ከድጄ ግን በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት የግማሽ ቡታጅራን ተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ከመቀሱ የተረፈው ሁሉ አንድ ጆንያ ውስጥ ይጠራቀማል። ሰልሚያ ጆንያውን ገለበጠችው። ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ፣ ወይን ጠጅ፣ ሰናፍጭ፣ ጥቁር። የስድስት ትምህርት ቤት ቀለም መሬቱን ሞላው። በሥዕሉ ላይ ካየቻቸው ቀለሞች ጋር በጣም ስለተመሳሰሉባት ጆንያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች መቀስ ታነሳለች። ቀሚሱ እስከ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል። ኮሌታው ከአንገት ሳይሆን ከአንድ ትከሻ ተነስቶ ወደ ጎን ያያል። የአዝራሩ መስመር ከደረት ይጀምርና ወገብ ላይ ተሰብሮ ወደ ጎን ይዞራል። የኋላ ኪስ ከፊት ተለጥፏል። ፊት ለፊት የቆመ ሰው የልብሱን ጎንና ጀርባም እንዲያይ አድርጋ ነው ያሰበችው። ስትስት ትተረትራለች፤ ተርትራ እንደገና ትሰፋለች።

ሁለቱም እጅጌዎች ከገቡ በኋላ ሃፊዛ ቀሚሱን ለብሳ መስተዋት ፊት ቆመች። ከድጄ እንኳ መኪናዋን አቁማ ዞረች።

«ፏ አልሽ እኮ!» አለች ሰልሚያ።

የሃፊዛ ዓይን ግን ፊቷ ላይ አልነበረም፤ ቁልቁል ጉልበቷን ነበር የምታየው። እዚያ ጋ፣ በቡናማው መሃል፣ አንድ አራት ማዕዘን አረንጓዴ ጨርቅ አለ። በመዳፏ ሸፈነችው።

«አልወደድሽውም?»

«ኧረ አሪፍ ነው» አለች ሃፊዛ፤ ግን ስታወልቀው ችኮላዋ የሚያቃጥል ነገር የነካት ይመስል ነበር።

በማግስቱ ረቡዕ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ሃፊዛ ሰልሚያን ወደ ግቢው አጥር ወሰደቻት።

«አባቴ ከለከለኝ» አለች መሬት መሬት እያየች። «ልጄ ሰው ፊት ቆማ ልብስ አታሳይም አለ። አፉ በለኝ ብዬ ብለምነውም እንቢ አለ።»

«እኔ መጥቼ ልለምናቸው?»

«አትምጪ! ይብስበታል።»

ዑመይር ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አጠገባቸው ደርሶ ነበር። የቅዳሜው ዝግጅት አስተዋዋቂ ስለሆነ ከሰኞ ጀምሮ የሌለ ማይክ ይዞ ነው የሚሄደው። ጡጫውን ወደ አፉ አስጠግቶ፣ «ክቡራትና ክቡራን፣ በዓይነቱ ልዩ የሆነው ድሪቶ በለባሽ እጦት ምክንያት ቀርቷል!» አለ።

«ሂድ ከዚህ፣ ፋራ!» አለችው ሃፊዛ። ሰልሚያ ግን ድሪቶ የሚለውን ቃል ይዛ፣ የሆነውን ለመምህር ሰይፉ ልትነግረው ሄደች።

መምህሩ አልቆጣም፣ አላባበለም። «ልምምዱ ነገ ነው» አለ። «ነገ ለብሶት የሚመጣ ሰው ከሌለ ቦታውን ለሌላ ዝግጅት እሰጣለሁ። ልብሱ ተሰቅሎ አይታይም፤ ሰው ውስጡ ገብቶ ሲንቀሳቀስ ነው የሚታየው።»

ከሰዓት በኋላ ሰልሚያ በአክስቷ የልብስ ስፌት ሱቅ ውስጥ ስፒል እየለቀመች ሳለ የሃፊዛ አባት፣ በርበሬ ነጋዴው ሙሀመድአወል፣ አዲስ ሱሪ በፌስታል ይዘው ገቡ።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም፣ ጋሼ» አለች ከድጄ። «ይረዝማል እንዴ?»

«ሁለት ጣት ያህል ቁረጪልኝ። ለቅዳሜ ነው፤ ሱቄን ዘግቼ ትምህርት ቤት ልሄድ ነው።» ወደ ሰልሚያ ዞረው ፈገግ አሉ። «ልጄን ምን ልታለብሻት ነው? እናቷ ሥዕል የመሰለ ቀሚስ ነው ስትለኝ ግራ ገባኝ።»

ሰልሚያን ስፒሉ ጣቷን ወጋት። «ጋሼ… እርስዎ አልከለከሉም?»

«ምኑን ነው የምከለክለው? ረጅም ነው አሉኝ፤ ሰውነት አያሳይም። የሰፋሽውም አንቺ ነሽ።» ትንሽ አሰቡና፣ «ለመሆኑ ከፊት ልቀመጥ ወይስ ከኋላ? የትኛው ጋ ነው ደህና የሚታየው?» አሉ።

ሰልሚያ ስፒሎቹን ቆርቆሮው ውስጥ ከተተችና ወጣች።

ሃፊዛ በቤታቸው በረንዳ ላይ የበርበሬ ክምር ፊት ተቀምጣ ነበር። የሻሿን ጫፍ በአፍንጫዋ ላይ አስራ፣ የእያንዳንዱን በርበሬ ዘንግ እየቀነጠሰች ወደ ቅርጫት ትወረውራለች። ሰልሚያ ተቀመጠች። ወዲያው አስነጠሳት።

«አባትሽ ሱሪ ሊያስቆርጡ መጥተው ነበር።»

የሃፊዛ እጅ ቆመ።

«ዋሸሽኝ» አለች ሰልሚያ።

«አዎ፣ ዋሸሁሽ።»

«ካስጠላሽ ያስጠላል አትይኝም ነበር? ይሄን ሁሉ ቀን ለካ ሙድ ስትይዢብኝ ነው የከረምሽው!»

«አያስጠላም!» ሃፊዛ ጨርቁን ከአፍንጫዋ አወረደችው። «ቆንጆ ነው። እኔ ነኝ ልለብሰው የማልችለው።»

ከዚያ ሃፊዛ እንደገና መቀንጠስ ጀመረች፤ እጇ ሥራ ላይ ሲሆን መናገር የቀለላት ይመስል ነበር።

«አንቺ ገና ሳትመጪ፣ አምስተኛ ክፍል እያለሁ፣ በርበሬውን በሽታ መታው። ያኔ አባቴ ራሱ ይዘራ ነበር፤ የዘራው ሁሉ አለቀ። ዩኒፎርሜ ደግሞ ጉልበቱ ላይ ተቀደደ። እናቴ ያገኘችውን ብጣሽ ጣፈችበት። የኛ ቡናማ ነው፤ ብጣሹ አረንጓዴ። የነማን ቀለም እንደሆነ ታውቂያለሽ። በነጋታው ስም ወጣልኝ።»

«ድሪቶ አሉሽ?»

«እሱማ በተሻለ። ዝውውር ነው ያሉኝ። ግማሿ ከዚያኛው ትምህርት ቤት ተዛውራ የመጣች። ዑመይር ነው ያወጣው። “ዝውውር፣ ሌላው እግርሽ መቼ ነው የሚዛወረው?” ይለኝ ነበር።»

ሰልሚያ ቀስ ብላ አንድ በርበሬ አነሳች። ስድስተኛ ክፍል ላይ አክስቷ ዘንድ ልትኖር ከወልቂጤ የመጣችበት ቀን ትዝ አላት። ቡታጅራ ውስጥ ማንም የማይለብሰውን ሰማያዊ ዩኒፎርም ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። ኃላፊ መምህሯ «ዝውውር መጥታለች» ሲሉ ክፍሉ እየተንከተከተ ሳቀ። አንዲት ረጅም ልጅ ብቻ ሳትስቅ ዴስኩ ላይ ጠጋ አለችላት።

«ያን ቀን በኔ የሳቁ መስሎኝ ነበር» አለች።

«በኔ ነው። ከዚያ በኋላ ግን እውነተኛዋ ዝውውር ስለመጣች እኔን ተዉኝ።»

«ለዚህ ነው ጠጋ ያልሽልኝ?»

ሃፊዛ ትንሽ አሰበች። «መጀመሪያ ቀን፣ አዎ።»

ሁለቱም ሳቅ አመለጣቸው፤ ሳቁ ወደ ማስነጠስ ተቀየረ፤ እንባቸው እስኪወርድ አስነጠሱ። ሃፊዛ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፤ እንባው ግን በዚያ አላቆመም።

«አባቴ ይሄን ነገር አያውቅም፤ ቤት ውስጥ ተናግሬው አላውቅም» አለች። «ቅዳሜ አዲስ ሱሪ ለብሶ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ዑመይር ማይክ ይዟል። ያንን ቃል ቢለኝስ? አንቺ ብጣሹን ከጆንያ መርጠሽ ነው ያወጣሽው፣ ሰልሚ። እኔ አልመረጥኩትም ነበር።»

ሰልሚያ «አረንጓዴውን አወጣዋለሁ» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ነገሩ አንድ ብጣሽ ተርትሮ የሚወጣ አልነበረም። ቀሚሱ ሁሉ እንደዚያ ነው። እንዲያ እንዲሆን የፈለገችውም እሷ ናት።

«ለአሚኔ ስጫት» አለች ሃፊዛ። «እሷ ጆንያውን ራሱን ብታለብሻት ትወጣለች።»

እውነት ነው፤ የክፍላቸው ደፋሯ አሚኔ ትወጣለች። ሰልሚያ አሚኔን ቀሚሱ ውስጥ አድርጋ አሰበቻት። ከዚያ የዑመይርን ድምፅ አሰበች፣ የሰዉን ሳቅ፤ ራሷንም ከመጋረጃው ጀርባ መርፌና ክር ይዛ ቆማ አየቻት። ያቺ ከመጋረጃ ጀርባ የቆመችው ልጅ አናደደቻት።

«ለአባትሽ፣ የሰፋችው ራሷ ልትለብሰው ፈለገች በያቸው።»

ሃፊዛ ቀና አለች። «አንቺ? ስምሽ ሲጠራ አለሁ ማለት የሚያቅትሽ?»

«እኔ።»

«ወገብሽ አይገባበትም።»

«አውቃለሁ።»

«ወላሂ አይገባበትም፣ ሰልሚ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ!» ሰልሚያ ተነስታ ቀሚሷ ላይ የቀረውን የበርበሬ ፍሬ አራገፈች። ወደ ሱቁም መንገድ ጀመረች።

ሱቅ ስትደርስ ከድጄ የውጪውን ዕቃ እያስገባች ነበር። ሰልሚያ ቀሚሱን ከመስቀያው አውርዳ ሁለቱንም ጎን ከብብት እስከ ዳሌ ተረተረችው። ለብሳ ስትለካው በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ጋት ይጎድላል። ጆንያውን ፈተሸች። የቀረው ጥፍር የሚያህል ነበር።

ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ጓዳ ገብታ የልብስ ሻንጣዋን ከፈተች። ከታች፣ ተጣጥፎ የተቀመጠውን የወልቂጤ ዩኒፎርሟን ሰማያዊ ጉርድ አወጣች። ከጠበባት ሁለት ዓመት ሆኖታል። ይዛው ወጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ መስመሩንም በሳሙና ቁራጭ አሰመረች።

ከድጄ የስፌት መኪናዋን ልትሸፍን ያነሳችውን ጨርቅ እንደያዘች መጥታ አጠገቧ ቆመች።

«እናትሽ የሰፋችልሽ አይደለም እንዴ ይሄ?»

«ነው።»

«ለማን ነው?»

«ለኔ ነው። እኔ ነኝ የምለብሰው።»

ከድጄ ጉርዱን በጣቷ ዳሰሰች፤ የእህቷን ስፌት አየች። «ይሄ ከተቆረጠ አይመለስም» አለች። «እደሪበትና ነገ አስቢው።»

«ነገ ልምምድ አለኝ» አለች ሰልሚያ። መቀሱንም ከፈተች።