እህቴ የቆለፈችው ማስታወሻ

አበደ በሉኝ፤ ግድ የለኝም። ይሄ ግን በእኔው ጠረጴዛ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአስር ላይ ሆኗል።

ሥራዬ ድረ ገጽ መሥራት ነው። ያኔ የምንሠራው የዕለት ማስታወሻ መጻፊያ ነበር። ሰው የጻፈው እዚያው ስልኩ ላይ በይለፍ ቃሉ ይቆለፋል። ወደ እኛ ሰርቨር የሚመጣው የማይነበብ የፊደል ክምር ነው። የምናየው ሰዓቱንና ርዝመቱን ብቻ።

«ምንም አናውቅም» ብሎ ማስታወቂያ ያስነገረ የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት የእኛው ሳይሆን አይቀርም።

የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ ታላቅ እህቴ ነበረች። ልጅ ሆነን ደብተሯን ከፍራሽ ሥር አውጥቼ ለሰፈር ልጆች አንብቤባታለሁ። አልረሳችውም።

«አሁንስ ታነብብኛለህ?» አለችኝ።

«ብፈልግም አልችልም።»

«እንደማታነብ ማልልኝ።»

«እማዬ ትሙት!»

ሳቀች። ጻፈች።

አንድ ጠዋት ከእማዬ ጋር ተጣልታ ወጣች። የተሳፈረችበት አውቶቡስ ተገለበጠ። ስልኳ ደቅቆ በፌስታል መጣልን። ከአደጋው ሩብ ሰዓት በፊት ግን አንድ ረጅም ማስታወሻ ጽፋ ነበር።

እማዬ ማወቅ የፈለገችው አንድ ነገር ነው... ልጄ እንደተቀየመችኝ ነው የሞተችው?

«አንተው ሠርተኸው እንዴት መክፈት ያቅትሃል?»

«እንዳልችል አድርጌ ነው የሠራሁት፣ እማ።»

«ለዚህ ነው አምስት ዓመት ያስተማርኩህ?»

በሞተች በሁለተኛው ወር... በእህቴ ስም አዲስ ማስታወሻ ገባ።

ስምንት ሰዓት ከአስር።

በማግስቱም። በሦስተኛውም ቀን። ሰዓቱ ያው። ርዝመቱም በአንዲት ፊደል እንኳ አይዛነፍም።

«ማነው የሚጽፈው?» አለኝ አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ፣ በሹክሹክታ።

«እህቴ።»

«የትኛዋ?»

«ያለችኝ አንድ ናት።»

ወንበሩን ወደ መስኮቱ አራቀ።

ቀዳዳ አለ። የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ማንም አያወራውም። ቁልፉ ተጠቃሚው ጋ ቢቀርም፣ የመጻፊያውን ገጽ በየቀኑ የምንልክለት እኛ ነን። ገጹ ላይ አንዲት መስመር ብጨምር፣ የይለፍ ቃሉ እንደተጻፈ ለእኔም ይደርሰኛል።

ማክሰኞ ጠዋት እማዬ ደውላ አለቀሰች።

«ዛሬ እከፍተዋለሁ» አልኳት።

«ስልኬን ታቅፌ ነው የምጠብቅህ።»

መስመሯን ጨመርኩ።

ስምንት ሰዓት ከአስር...

የይለፍ ቃሉ መጣ።

የዕለቱ ማስታወሻ ግን ከሌሎቹ ሁሉ ያጥራል። ለመጀመሪያ ጊዜ።

መጀመሪያ የቆዩትን ከፈትኩ። ሁሉም አንድ ናቸው፦

«ዛሬም ቃሉን ጠበቀ።»

«ዛሬም ቃሉን ጠበቀ።»

የዕለቱን ከፈትኩ።

«ዛሬ አፈረሰ።»



ወደ አውቶቡሱ ማስታወሻ ሄድኩ። ረጅም ነው። «እማዬ» ብሎ ይጀምራል። ዓይኔ ሁለተኛው ቃል ላይ ሳያርፍ... ጽሑፉ ከታች ወደ ላይ መጥፋት ጀመረ።

ፊደል በፊደል... ሰው ጣቱን ማጥፊያው ላይ ተጭኖ እንደያዘ...

እኔ ምንም አልነካሁም።

«እማዬ» ላይ ሲደርስ ቆመ።

ጠቋሚው ብልጭ... ጥፍት... ብልጭ...

ከዚያ አንዲት ፊደል ጨመረ።

«እማዬ ት»

ስልኬን አንስቼ ለእማዬ ደወልኩላት።

ይጠራል...

ይጠራል...