ሁለት ተኩል ጊዜ ሁለት ተኩል

ሰው በሚቀሰቀስበት ቀን በዋቤ ላይ ማንም ወደ መስታወቱ አያይም። ዋቤ ከምድር ከተነሳች ትውልድ ያለፈባት የጠፈር መርከብ ናት። ጉዞው ረጅም፣ ምግቡ ጥቂት ስለሆነ ተሳፋሪዎቿ በየተራ ለዓመታት ይተኛሉ፤ የሚተኙትም «ጓዳ» በሚሉት፣ ጋዝ በተሞላና ፊቱ መስታወት በሆነ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የሚነቃ ሰው እንደ አራስ ልጅ ይቆጠራል፤ ዓይን እንዳያርፍበት ይፈራል። ስለዚህ ቀስቃሹ ጋሽ ድንበሩ የገዛ ጋቢያቸውን በመስታወቱ ላይ ይዘረጋሉ፣ የሙቀት መለኪያውንም ያጠፋሉ። እሱም ዓይን ነው ይላሉ። መለኪያው የሚነበበው ጋቢው ከመዘርጋቱ በፊትና ከተነሳ በኋላ ብቻ ነው። በመሀል ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል።

ዛሬ የሚነቃው ናሁሰናይ ነው፤ የጋዝ መሐንዲሷ የትርሲት ታናሽ ወንድም። ከእሱ ሌላ ሰው የላትም። እናታቸው እቴነሽ ባለፈው ቅስቀሳ ዓይኗን ሳትገልጥ ቀርታለች። ጋቢው ሲነሳ መለኪያው ሠላሳ ሁለት ዲግሪ አለ፤ ሲጀመርም ሠላሳ ሁለት ነበር። ማሽኑን የጠረጠረ አልነበረም። እንቅልፉ አድክሟት ነው ተባለ፣ ተለቀሰ፣ አለፈ። ናሁሰናይ ይህን አያውቅም፤ ያን ጊዜ ተኝቶ ነበር።

የመቀስቀሱ ሥራ ቀላል ነው። የጓዳው ተንሸራታች ግድግዳ፣ ፒስተኑ፣ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ጓዳው ይሰፋል፣ ግፊቱም በቀጥታ መስመር ይወርዳል። ከመስመሩ በታች እንዳይወርድ ማሞቂያው ያግዘዋል። ግፊቱ ከሦስት ወደ ሁለት፣ የጓዳው ይዘት ከሁለት ወደ ሦስት። ትርሲት ዳር ቆማ እግሯን ታወዛውዛለች፤ ጋሽ ድንበሩ ጀርባቸውን እንደሰጡ ሳቅ አሉ።

«አንቺ ብትሆኚ ቀስቃሿ፣ ሰዉን ሁሉ በጥፊ ነበር የምታስነሺው።»

«ቶሎ ይነሳ ነበር ጋሼ።»

ወዲያው ፒስተኑ አቃሰተና ቆመ። ገና ሩብ መንገዱን ነው የሄደው። ትርሲት በደመ ነፍስ መዳፏን መስታወቱ ላይ አሳረፈች፤ ሙቀቱ በጋቢው አልፎ መጣ። ለብ ያለ አይደለም፣ ትኩሳት እንደያዘው ግንባር ነው።

እዚያው ቆማ አሰበች። የጓዳው ጋዝ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ እንዳለው ሃሳባዊ ጋዝ ታዛዥ ነው፤ ሙቀቱን ለማወቅ ግፊቱን በይዘቱ ማባዛት ይበቃል። ሦስት ጊዜ ሁለት፣ ስድስት። ሁለት ጊዜ ሦስት፣ ያው ስድስት። ሁለቱ ጫፎች እኩል ናቸው፤ ሁልጊዜም የሚነበቡት እነሱ ናቸው። መሀል ላይ ግን ሁለት ተኩል ጊዜ ሁለት ተኩል ነው። ስድስት ከሩብ። ሩቧ ትንሽ ትመስላለች፤ ሙቀት ግን የሚቆጠረው ከፍጹም ዜሮ ጀምሮ ስለሆነ፣ ያቺ ሩብ አሥራ ሁለት ዲግሪ ትጨምራለች።

ጋቢውን ይዛ ሳበችው።

«ኧረ ተይ ልጄ! ዓይን ይበላዋል!»

«ዓይን አይደለም የሚበላው ጋሼ» አለችና መለኪያውን አበራችው። አርባ አንድ። ከመስታወቱ ጀርባ የናሁሰናይ ፊት ቀልቷል፣ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል።

ማሞቂያውን አጠፋች፣ የተያዘውን ፒስተን በእጅ ማንሻው አስለቀቀችው። ጋዙ ያለ እርዳታ ሲሰፋ ግፊቱ ከመስመሩ በታች ወረደ፣ ሙቀቱም አብሮ ወረደ። አርባ፣ ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ አምስት። ግፊቱ ከልክ በላይ ቶሎ ስለወረደ ናሁሰናይን ነሰረው። ትንፋሹ ግን አልተቆረጠም።

ጋሽ ድንበሩ ወለል ላይ የወደቀውን ጋቢ አንስተው እቅፋቸው ውስጥ ይዘውት ቆሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ በዚያ ጋቢ የሸፈኗቸውን ሰዎች ስም እየጠሩ እንደሆነ ገባት። ብዙ ስም ነው።

«የእቴነሽስ» አሉ በመጨረሻ፣ «ስንት ደርሶ ነበር?»

«ከአርባ አራት በላይ።»

«ተኝታ ነበር አይደል? አልተሰማትም?»

አዎ ብትል ያርፉ ነበር። ግን ሰው መንቃት የሚጀምረው መሀል ላይ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ይህን ሥራ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ዓይኗን ከመለኪያው አላነሳችም። እሳቸውም ሁለተኛ አልጠየቁም። ጋቢውን አጥፈው ወንበሩ ላይ አኖሩት፤ ከዚያ በሥራ ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አዞሩ።

ናሁሰናይ ማታ ቁጭ ብሎ ሾርባ ጠጣ። ስለ እናታቸው ትርሲት አልሸፋፈነችም፤ የሆነውን እንደሆነው ነገረችው፣ ሩቧን ሳይቀር። ብዙ አለቀሰ። ሲበርድለት አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«ያን ጊዜ ማን አጠገቧ ነበር?»

ትርሲት ሳህኑን ከእጁ ተቀበለችው። እናታቸው በተቀሰቀሰችበት ቀን ራሷ ከመስታወቱ የቆመችው አንድ እርምጃ ርቃ ነበር፤ ዞር ብትል እጇ ይደርስ ነበር።

«ሁላችንም» አለችው። «ሁላችንም እዚያው ነበርን።»