እኔ ስገባ የሚደነግጠው ሥጋ

«ያ ሥጋ አንቺ ስትገቢ ይደነግጣል» ይሉኝ ነበር የጽዳት ሠራተኛችን፣ እማማ መወልወያ፤ ባገኙኝ ቁጥር።

«በቁንጅናዬ ነዋ!» እላቸዋለሁ።

አይስቁም...

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። የማያምን ከወዲሁ ይለፈው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ ነው የሆነው።

የምሠራው የልብ ጡንቻ በሳህን ላይ በሚያድግበት ቤተ ሙከራ ነው። ዲግሪ የለኝም። ሙያውን የተማርኩት የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታታሁ ነው። ግን ባለዲግሪዎቹን ያቃታቸውን ሠራሁት፦ ሥጋውን እንደ ሞተር ቆጥሬ በኤሌክትሪክ ሽቦ እነዝረዋለሁ፣ ምላሹን እለካለሁ፤ ምቱ ሲያፈነግጥ መሣሪያዬ ይመልሰዋል።

ሥጋው ያለበትን ክፍል በርም ከምቱ ጋር ያገናኘሁት እኔ ነኝ። ምቱ ከተረበሸ አይከፈትም፤ ቀዝቃዛ አየር እንዳይገባበት።

ከውስጥ መክፈቻ? አላደረግኩለትም። የኔ ሥራ መቼ ይሳሳትና!

ያን ቀን ገባሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።

ስክሪኑ ላይ ምቱ ፈጠነ...

የመንዘሪያውን ሽቦ ነቀልኩት።

አሁንም ፈጠነ።

እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ። የሱ ምት... የኔ ምት... እኩል።

ያኔ ነው የጋዙ ማስጠንቀቂያ የጮኸው። ሽቦውን ስነቅል ለሥጋው ማሳደጊያ የሚመጣውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ቱቦ ሰብሬዋለሁ። ጋዙ ክፍሉን እየሞላ ነው።

በሩን ደበደብኩት።

«ተረጋጊ!» አሉ ኃላፊያችን ዶክተሩ ከበሩ መስታወት ወዲያ። «አንቺ ስትረጋጊ እሱም ይረጋጋል!»

«እኔና እሱን ምን አገናኘን? መስታወቱን ይስበሩት!»

«አይሰበርም! ራስሽ አይደለሽ የመረጥሽው?»

ፈራሁ። ምቱ ባሰበት። በሩ ንቅንቅ አላለም...

ትንፋሼ አጠረ። አንድ መንገድ ታየኝ፦ ምት ከሌለ ረብሻም የለም። ሙከራ ሲያበቃ ሥጋውን የምናቆምበት መርፌ ተሞልቶ መደርደሪያው ላይ አለ።

አነሳሁት።

ዶክተሩ መስታወቱን በሁለት እጃቸው መቱ። «ተይ! እባክሽ ተይው!»

«ለሥጋ ነው የሚያዝኑት?»

ሥጋው ውስጥ ጨመቅኩት።

ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ዝግ አለ... ዝግ አለ... ቀጥ አለ።

በሩ ተከፈተ።

በጉልበቴ እየዳህኩ ወጣሁ። ዶክተሩ የልቤን ምት ሊቆጥሩ የእጄን አንጓ ያዙ። ጠበቁ። ቦታ ቀየሩ... አንገቴን ዳሰሱ።

«ደህና ነኝ እኮ» አልኳቸው። «ምንድን ነው የሚፈልጉት?»

ጣታቸውን አላነሱም።

«ስትቀጠሪ ለጤና ምርመራ ደም ሰጥተሽ ነበር...» አሉ በሹክሹክታ። «ሥጋውን ያሳደግነው ከዚያ ደም ነው።»