ሁለት ዓይነት «የለም»

ያንን ሳምንት ሙሉ መካኒኩ የጠየቀው ዕቃ ሁሉ የሌለ ነበር። አለመኖሩንም አሳምሮ ያውቃል። ካለ ገዝቶ መሄዱ ነው፤ ከሌለ ግን ነገም ይመለሳል።

«ለዚያች አሮጌ መኪና የግራ ፍሬቻ አለ?»

«ናይ!» ትለዋለች የመለዋወጫ ሱቁ ልጅ እየሳቀች።

ከጃፓን የሚመጡትን የዕቃ ካርቶኖች ጽሑፍ ለማንበብ ብላ ከአንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጃፓንኛ ትማር ነበር።

«‹ናይ› ማለት ‹የለም› ነው» አለችው አንድ ቀን። «ግን ለዕቃ ነው። ለሰው ሲሆን ‹ኢናይ› ይባላል። እነሱ ሰውና ቡሎንን በአንድ ‹የለም› አያጉሩም።»

«እኛስ?»

«እኛማ ቡሎኑም የለም፣ ሰውየውም የለም!»

ከሰዓት በኋላ መኪና ሥር ተኝቶ «ኢናይ፣ ኢናይ» ሲል ዋለ።

«ምነው፣ ጥርስህን አሞህ ነው?» አለው ጓደኛው።

ዓርብ ዕለት ግን ልጅቷ አልሳቀችም።

«ከሰኞ ጀምሮ አባዬ ከተማው ማዶ ወዳለው ሱቅ ሊያዛውረኝ ነው። ታዲያ ማን ‹የለም› ሊልህ ነው?»

«እሺ» ብሎ ወጣ። ምኑን ነው እሺ ያለው? እስከ ጋራዡ ድረስ ራሱን ሲሰድብ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቦ፣ የሚለውን ሁሉ በቃሉ አጥንቶ መጣ። ባንኮኒው ጋ የቆሙት ግን አባቷ ናቸው።

«ምን ልስጥህ፣ ልጄ?»

ያጠናው ሁሉ ጠፋበት። አንዲት ቃል ብቻ ቀረችው።

«ኢ... ኢናይ?»

አባት መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡን ገለጡ። «ኢናይ... ኢናይ... የሞተር ነው የፍሬን?»

«የ... የውስጥ ነው፣ ጋሼ።»

«እንዲህ የሚባል ዕቃ የለንም!»

ከመደርደሪያው ጀርባ ሳቅ ፈነዳ። «ዕቃ አይደለም፣ አባዬ! ‹የለችም ወይ?› ማለቱ ነው። እኔን ነው የሚጠይቀው።» ጉንጯ አቧራ እንደ ነካው ብቅ አለች። «ኢሩ» አለችው ቀስ ብላ።

ይህን ቃል አላስተማረችውም ነበር። ግን «አለሁ» ማለቷ እንደሆነ ገባው።

አባት አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ። «ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ስትጠይቅ የሰነበትከው ፍሬቻ?»

«የመኪናዋ ፍሬቻ ደህና ነው፣ ጋሼ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ልጅዎን ወድጃት ነው። ማዶ ድረስም ቢሆን እመጣለሁ።»

«እዚያ ሱቅ የማይገኝ ዕቃ የለም። ምን ብለህ ልትጠይቅ ነው?»

«ከእንግዲህ ዕቃ አልጠይቅም።»

አባት መዝገቡን ፊታቸው ድረስ አንሥተው ማንበብ ጀመሩ። መዝገቡ ግን ተገልብጦ ነበር።